ልጁ ግቢ ገባ፣ መኪናዋም ግቢ ቀረች

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚነሡት ሦስት መንገዶች ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ያደርሳሉ። የቡራዩው በሆለታና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይገባል፤ ገፋ ላለው ነቀምት ድረስ ይዘልቃል። የሰበታው ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ ወልቂጤ፣ ከዚያም ጅማ ያደርሳል። የሱሉልታው ደግሞ ጫንጮን ትቶ ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል፤ ዓባይን ለተሻገረ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ከፊት አሉ።

የጥሪ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን በነዚህ ከተሞች መነኻሪያ የሚታየው ትዕይንት ያው ነው። ብርድ ልብስና አንሶላ ያጨቀ ሻንጣ፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከነኮፒው። እናት የረሳችው ነገር ያለ እየመሰላት ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። ጎረቤቱም «ልጁ ግቢ ገባ» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ ማለቱ ነው። የዛሬው ወግ ግን በሌላኛው ግቢ፣ በቆርቆሮው አጥር ውስጥ፣ ስለቀረችው መኪና ነው።

«ተማሪ ደግሞ ምን መኪና አለው?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። እውነትም በአሥራ ስምንት ዓመቱ መኪና የገዛ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በስሙ መኪና ያለው ሁሉ የገዛው ሰው ነው ማለት አይደለም። ባጃጅ በእቁብ ብር ይገዛና የባለቤትነት ደብተሩ፣ ሊብሬው፣ ፊደል በቆጠረው ልጅ ስም ይወጣል። እህት ከውጭ አገር የላከችው ገንዘብ ቪትዝ ይሆንና «በታናሽ ወንድሜ ስም ይሁን» ትላለች። አባት ያርፍና ሚኒባሱ ለወራሾቹ ይተላለፋል፤ ከወራሾቹም አንዱ ሐዋሳ ሁለተኛ ዓመት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጅማ የተመደበ የሰበታ መምህርም አለ፤ እሱም ተማሪ ነው፣ መኪናዋም የራሱ ናት። ለነዚህ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ባለ ሊብሬው በሌለበት ዓመት የመኪናዋን ጣጣ ማን ይሸከማል?

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት አንድ የቡራዩ ቤት ይታሰብ፤ አሸዋ ሜዳ አካባቢ ይሁን። ልጁ አምቦ ተመድቧል። መኪናዋ ሰማያዊ ታርጋ፣ ኮድ ሁለት፣ ኦሮሚያ የተመዘገበች ቪትዝ ናት። የፊት መስታወቷን በውስጥ በኩል ላስተዋለ ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። አንዱ የዓመታዊ ምርመራው ምልክት፣ ሕዝቡ ቦሎ የሚለው ነው። ሌላው የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ነው። ሁለቱም ዕድሜ አላቸው፤ ያውም እኩል አይደለም። ቦሎው በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ይሄዳል፤ መድኑ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። አንዱ ገና አምስት ወር ሲቀረው ሌላው ነገ ሊያልቅ ይችላል። ተማሪው ኅዳር ላይ ከአምቦ ይደውላል።

«እማዬ፣ የመኪናዋ ሦስተኛ ወገን መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ወንድምህ መስታወቷ ላይ ያለውን ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ።»

የተላከው ፎቶ ፀሐይ የመታው ወረቀት ነው፤ ቀኑ አይነበብም። ይህ ጥሪ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት መደረግ ነበረበት። ያኔ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን የመድን ፖሊሲውንና የሊብሬውን ሁለቱን ገጾች በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በኢትዮጵያ «የመኪና ግብር» ሲባል ብዙ ሰው በየዓመቱ የሚከፈል አንድ ትልቅ ሂሳብ ይመስለዋል። የግብሩ ዋናው ሸክም ያለው ግን መግቢያው በር ላይ ነው። ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ 10 በመቶው ሱር ታክስ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መኪናዋ አገር ስትገባ አንዴ ይከፈላል፤ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ ክንዱን አበርትቷል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚመጣው የምርመራና የፈቃድ እድሳት ክፍያ፣ የመድን አረቦን፣ ስም ሲዞርም የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ብሩ ከመግቢያው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሰውን የሚያስቸግረው ብሩ ሳይሆን ቀኑ ነው። ቦሎን ደግሞ በቴሌብር ብር ልኮ ብቻ መጨረስ አይቻልም፤ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪናዋ ራሷ ምርመራ ትቀርባለች። ፍሬኗ ይፈተሻል፣ መብራቷ ይታያል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከግቢ አውጥቶ መውሰድ አለበት። ፋይሏም ያለበት ቦታ ይታያል፤ የሱሉልታ ሰው መኪና የአዲስ አበባ ታርጋ ካላት ጉዳዩ የሚያልቀው አዲስ አበባ ነው። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ ውስጥ ቢገቡም ሸገር ያው በኦሮሚያ ሥር ነው፤ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ መዝገቦች ሰውየውን የተለያየ ወረፋ ላይ ያቆሙታል።

እንግዲህ ወንድምየው ጋ እንምጣ። ቁልፉ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ አለ፣ እናት እግሯን ያማታል፣ መኪናዋ ቆማለች። ወንድም መንጃ ፈቃድ አለው። ቁልፉን ያነሣል። ይህን ማንም ቤተሰብ ያደርገዋል፤ ክፋትም የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እዚህ ቅዳሜ ላይ አንድ ነገር ይላል። አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። የሚያመልጠው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ወንድሜ ሳይጠይቀኝ ወሰዳት ማለት ሌላ ነው፣ ሌባ ወሰዳት ማለት ሌላ። ልጁ አምቦ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካልኩለስ እያጠና ሳለ አስኮ መታጠፊያ ላይ እግረኛ ቢገጭ፣ ካሳ ጠያቂው የሚፈልገው ስም ሊብሬው ላይ ያለውን ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን የተፈጠረው ለዚህች ሰዓት ነው። በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ በኋላም እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ ሆነ። ያለ መድን መንዳት ብቻ አይደለም የተከለከለው፤ ሌላ ሰው እንዲነዳ መፍቀድም እንጂ። «እኔማ አልነዳሁም» የሚለው መልስ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ውሉ ባለ መኪናውን ከወጪ ያድናል፣ ይበልጡን ግን የታሰበው ለተገጨው ሰው ነው። ተጎጂው ሆስፒታል ሲደርስ የድንገተኛ ሕክምና ወጪው የሚሸፈንበት መንገድ አዋጁ ውስጥ አለ፤ አዋጁ በወጣበት ዘመን ልኩ እስከ 2,000 ብር ነበር። ለሞት ከ5,000 ያላነሰ ከ40,000 ያልበለጠ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ተብሎም ተጽፎ ነበር። ጣሪያው በየጊዜው በደንብ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ የዘንድሮውን ልክ አረቦን ሲከፈል መጠየቅ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለውን ፍርድ ቤት የወሰነ እንደሆነ ግን ከፋዩ መድን ድርጅቱ አይደለም፤ ባለ ሊብሬው ነው።

መድን የሌለው መኪና ወይም ገጭቶ ያመለጠ ሹፌር ሰው ሲጎዳስ? ለዚያ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ዛሬ ሥራው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በተባለው መሥሪያ ቤት ነው። በነዚህ ከተሞች ይህን የማያውቅ ተጎጂ ብዙ ነው። ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሰበታ ወደ አየር ጤና፣ ከሱሉልታ በእንጦጦ ቁልቁል ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው መንገድ ጠዋትና ማታ ጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና እግረኛ የሚጋፉበት ነው።

ሙሉ ሽፋን የሚባለው ውል ሌላ ዓለም ነው። አስገዳጅ አይደለም፤ ባለቤቱ ለራሱ መኪና ሲል ይገባዋል። እዚህ ላይ ግን ተማሪው ትቶት የሄደው ቤት ሦስት ወጥመድ አለበት፤ ሁለቱ ቶሎ የሚነገሩ ናቸው። ወንድምየው ሥራ ቢያጣና «ለምን ቆማ ትውላለች» ብሎ ሰው እያመላለሰ ብር ሊለቅምባት ቢጀምር፣ ለግል መገልገያ ተብሎ የተገባው ውል ያንን አያውቅም። መድን ድርጅቱ አረቦኑን የተመነው መኪናዋ በምን ሥራ እንደምትውል ጠይቆ ነው፤ አጠቃቀሙ ሲለወጥ ያልተነገረው ድርጅት ካሳ ሲጠየቅ ጀርባውን ቢያዞር አይፈረድበትም። ሁለተኛው መንጃ ፈቃድ ነው። ጊዜው ባለፈበት ወይም ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ ባልተሰጠ መንጃ ፈቃድ የተነዳች መኪና ብትገለበጥ ውሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ሰፋ ያለ ነው። ተማሪው አራትና አምስት ዓመት ይቆያል፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። እናት «እንደ አምናው አድርጉልኝ» ብላ አረቦን ትከፍላለች፣ ሠራተኛውም እንዳምናው ያትምላታል። እንዳምናው ማለት የአምና ዋጋ ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የመኪና ዋጋ አምና ላይ የቆመበት ጊዜ የለም። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከነዳጅ መኪናዋ የሚፈታው አብዛኛው ዕቃ፣ ፋናሌውም ስፖኪዮውም፣ ከውጭ የሚመጣ ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። መኪናዋ ዛሬ ገበያ ላይ 1,600,000 ብር ታወጣለች፤ ፖሊሲው ላይ ያለው ዋጋ ግን ልጁ ሲሄድ የተጻፈው 800,000 ነው። ተጋጨችና ጋራዡ 100,000 ብር ጠየቀ። እናት 100,000ው ከ800,000 በታች ስለሆነ ሁሉንም የሚከፍሉ ይመስላታል። መድን ድርጅቱ ግን የሚያሰላው በሌላ መንገድ ነው፤ ግማሹን ዋጋ ነው የሰጣችሁኝ፣ የቀረውን ግማሽ ራሳችሁ ናችሁ የመድን ድርጅት ይላል። 50,000 ይሰጣል፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለ መኪናው ከራሱ ኪስ የሚያወጣው የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የንብረት መድን የቆየ ሕግ ነው። ይሁንና መስኮት ላይ ቆማ ስትሰማው ለማንም እናት ማጭበርበር ይመስላል። በየዓመቱ እድሳት ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ነው የምከፍለው?» ብቻ ሳይሆን «ዋጋዋ ስንት ተብሎ ነው የተጻፈው?» የሚለውም ነው።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚዘነጋው ወረቀት፣ ወደ ውክልናው። እናት ልጇ ነው፣ ወንድም ወንድሙ ነው፤ መሥሪያ ቤት ግን ዝምድናን በዓይን አያነብም። ፖሊሲ ለማሳደስ ብር የሚከፍል ሰው ብዙም አይጠየቅም ይሆናል። ካሳ ለመቀበል፣ የጠፋ ሊብሬ ምትክ ለማውጣት፣ ታርጋ ለማስለወጥ፣ በትራፊክ ፖሊስ የተያዘች መኪና ለማስለቀቅ ግን ባለ ሊብሬው ይፈለጋል። ልጁ ፈተና ላይ ነው። የተመደበው ጅማ ከሆነ ደግሞ እስከ ሸገር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት በሚመለከተው የሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ፊት የተፈረመ ውክልና ትቶ ቢሄድ፣ በውስጡም ሥራዎቹ አንድ በአንድ ቢዘረዘሩ ይመረጣል። «በስሜ ማናቸውንም ሥራ እንድትሠራ» የሚለው ሰፊ የሚመስል አነጋገር ፍርድ ቤት በር ላይ ይጠባል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መክሰስና ለክስ መልስ መስጠትን የመሰሉ ሥራዎች ልዩ ውክልና እንደሚፈልጉ ይናገራል። መሸጥ እንዲችል ካልተፈለገ ደግሞ መሸጥ አይችልም ብሎ ማስጻፍ ነው። በዚህ ላይ ወንድማማች የተቀያየመበት ቤት አለና ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ውክልና ግን ራሱ የተለመደ ወጥመድ ሆኗል። የስም ማዞሪያውን ወጪ ለማምለጥ መኪና በውክልና መግዛትና መሸጥ በደላሎች መንደር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ገዢው ብሩን ከፍሎ መኪናዋን ይነዳል፤ ሊብሬው ግን በሻጩ ስም እንዳለ ነው። ለተማሪው ይህ በሁለት በኩል ይቆርጣል። ባጃጁን ሸጦ ለትምህርቱ ብር የያዘ ልጅ ስሙ ካልዞረ፣ ከላይ ያየነው 2081 ከባጃጁ ጋር አብሮት ይኖራል፤ አዲሱ ሹፌር ለሚያደርሰው ጉዳት የሚጠራው እሱ ነው። በውክልና የገዛ ቤተሰብ ደግሞ ሻጩ የሞተ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፤ በአንቀጽ 2232 ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራልና። ቦሎ ለማሳደስ የሄደው ተወካይ ያን ዕለት የሟቹን ወራሾች ፍለጋ ይጀምራል። የአባት መኪና የወረሰ ልጅም ያው ነው፤ አባት ከማረፉ በፊት ለእናት የሰጠው ውክልና ከአባት ጋር አልፏል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ስም ማዞር ብቻ ነው መንገዱ። ይህ ጉዳይ በሁለት ቀን አያልቅምና ለሴሚስተር ዕረፍት አይቀጠርም።

«መኪናዋ አጥር ውስጥ ቆማለች፣ ማን ይነካታል» ብሎ መድኑን ማሳለፍ የሚከጅለውም አለ። ለንደን ያሉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይህችኑ ጥያቄ ሕጉ ራሱ ይመልስላቸዋል። በእንግሊዝ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመንገድ ወጥታለች ተብላ ያልተመዘገበች መኪና ቆማም ብትሆን ኢንሹራንስ ሊኖራት ግድ ነው፤ ላታሽከረክራት የወሰነ ባለቤት «ሶርን» የሚባል ማስታወቂያ ለመንግሥት ያስገባና ከግብሩም ከመድኑም ያርፋል። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን የግብር ወረቀት በ2014 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ትተውታል፤ ፖሊሱ የሚያየው ታርጋውን በካሜራ ነው። እዚያ የሚያስቀጣ አንድ ብልጠትም አለ፤ ዋናው ነጂ ልጁ ሆኖ ሳለ አረቦኑ እንዲረክስ «ዋናው ነጂ እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም። የእኛዎቹም መድን ድርጅቶች ስለ ነጂው ይጠይቃሉ፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወጣት ሲሆን ባለ መኪናው ከኪሱ የሚሸፍነውን ድርሻ ከፍ የሚያደርግ ውል ያጋጥማል። ፊርማው ላይ ያለው ቃል እውነት ካልሆነ አደጋ በደረሰ ማግሥት ይወጣል።

ቡራዩ ያለችው ቪትዝ ግን ሶርን የላትም። ምልክቱ ካለፈባት በኋላ ከበር ውጪ ለመውጣት ምክንያት አታጣም፤ ምጥ የያዛት ጎረቤት አለች፣ ሌሊት የታመመ ሕፃን አለ። ማንም በዚያ ሰዓት መስታወት ላይ ያለ ቀን አያነብም።

የቆመች መኪና በራሷም ትታመማለች። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊቷ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ደከም ያለ ባትሪ ሁለት ወር ሳይነሣ ቆይቶ ጠዋት ሲሞክሩት ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ጎማው አየር ያጣል፣ ፍሬኑ ዝገት ይይዛል፣ ሞተሩ ሥር አይጥ ሽቦ ትበላለች፤ ድርቆሽ የሚከመርበት ግቢ ሲሆን በተለይ። ሰፈር ያለ መካኒክ የሚመክረው ቀላል ነው፤ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ መፍታት፣ ወይም በሳምንት አንዴ አስነሥቶ ሠፈር ውስጥ ዞር ማድረግ። ሁለተኛውን የመረጠ ቤት ግን መኪናዋ መንገድ ላይ ትወጣለች ማለት ነውና መድኑ ሊያልፍበት አይገባም። ምርመራ ቀን ሲደርስም በመጨረሻው ሳምንት በጋራዥና በምርመራ ጣቢያ መካከል ከመመላለስ፣ ቀደም ብሎ መብራቱንና ፍሬኑን ማሳየት የተሻለ ነው።

አምቦ ያለው ልጅ በመጨረሻ ያደረገው ይህን ነው እንበል። ለጥምቀት መጣ። መኪናዋን በጠዋት ብርሃን ከፊት ፎቶ አነሣት፤ ሁለቱን ቀኖች ስልኩ ላይ ማስታወሻ አስገባ፣ እያንዳንዱ ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንዲጮህ፤ በእናቱም ስልክ ላይ እንዲሁ አደረገ። ማክሰኞ ከእናቱ ጋር ሄዶ ውክልናውን ፈረመ። መሸጥ የሚለውን ቃል አላስገባም። ወንድሙ ይህን አይቶ ትንሽ ቅር አለው፤ እስከ ማታ ሳያናግረው ቆየና እራት ላይ ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እናት ቁልፉን አንሥታ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።